ስልኩ መተማ፣ አድራሻው አዲስ አበባ

መተማ ዮሐንስ ከተማ ውስጥ ቆማችሁ «የእኔ አይፒ አድራሻ ስንት ነው?» ብላችሁ ጎግል ላይ ብትፈልጉ፣ የሚከፈትላችሁ ገጽ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሳያችኋል። ብዙ ጊዜ በ196 ወይም በ197 ይጀምራሉ። ከሥር ደግሞ ያላችሁበትን ከተማ ይነግራችኋል፤ አዲስ አበባ። ጂፒኤሳችሁ ከገላባት መሻገሪያ ድልድይ በስንት ሜትር እንደራቃችሁ እያወቀ፣ አድራሻችሁ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችሁ ቦሌ ወይም መርካቶ የተቀመጣችሁ አስመስሏችኋል።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሲስተሙ ተሳስቷል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ቁጥር ሰው ይፈራራበታል፣ ፖሊስ ተጠርጣሪ ይፈልግበታል፣ የውጭ ድርጅቶች አገልግሎት ይሰጡበታል ወይም ይከለክሉበታል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ዓለም መዘጋቱን የሚያውቀውም ባብዛኛው በዚሁ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ያላወቀ ወጣት፣ በተለይ ድንበር ላይ የሚኖር፣ ባልዋለበት ሊውል ይችላል።

እስቲ ከፖስታ እንነሳ። የደብዳቤን ዘመን ባትደርሱበትም «ፖ.ሣ.ቁ» የሚለውን በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ራስጌ ላይ አይታችኋል። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው ለቤት ሳይሆን ለሳጥን ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሳጥን ይኖረዋል፤ የመምህሩም የተማሪውም ደብዳቤ በዚያው ቁጥር ይገባል፤ ከዚያ ጸሐፊዋ ስም እያየች ታድላለች። ከውጭ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ቁጥር ነው። የስልካችሁ ኢንተርኔትም ከዚህ ብዙም አይለይም።

እንደዚህ የሆነበት ምክንያት እጥረት ነው። የአሁኑ የአድራሻ አሠራር የተጻፈው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኢንተርኔት ማለት የጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መገናኛ ነበር። አራቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ስለሚሄዱ፣ ሁሉም ተደማምሮ 4 ቢሊዮን 295 ሚሊዮን ገደማ አድራሻ ይወጣዋል። ለዚያ ጊዜ የማያልቅ ሀብት ነበር። ዛሬ የምድር ሕዝብ ከ8 ቢሊዮን አልፏል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ስልክ አለው፣ ላፕቶፕ አለው፣ ቴሌቪዥኑም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ ማከማቻ የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ጥቅሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች ያከፋፈለው በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ነው። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫው ሞሪሺየስ ነው። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሱም በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም። በላዩ ላይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በፍርድ ቤት ክርክር ተጠምዶ፣ ለዓመታት የተሟላ ቦርድ ሳይኖረው ቆይቷል። የክርክሩ ዋና ምክንያት ያው አድራሻ ነው። ነገር ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፤ አድራሻም ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጥ የሚከራይ ንብረት ሆኗል።

በአገራችን የሞባይል ዳታ የሚጠቀመው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። በኦፕሬተሮቻችን ስም የተመዘገበው አድራሻ ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጋራት ግድ ነው።

አሁን መንገዱን እንከተለው። ዳታ ስታበሩ ኦፕሬተሩ ለስልካችሁ አንድ የውስጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በ10 የሚጀምር። ይህ ቁጥር ከኦፕሬተሩ ግቢ ውጭ ዋጋ የለውም። ናይሮቢ ያለ ሰው በራሱ ኦፕሬተር ግቢ ውስጥ ልክ የእናንተን የመሰለ ቁጥር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ችግር የለውም፣ አይገናኙም። ቲክቶክ ስትከፍቱ ጥያቄያችሁ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይነሳል። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፏል።

ጥቅሉን ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ አድርጋችሁ አስቡት። ሹፌሩ ከመተማ ሲነሳ እስከ ጅቡቲ ያለውን መታጠፊያ ሁሉ በቃሉ መያዝ የለበትም። ገንዳ ውኃ ላይ ወደ አይከል፣ አይከል ላይ ወደ አዘዞ የሚወስደውን ካወቀ ለጊዜው ይበቃዋል። ቀጣዩን እዚያው ሲደርስ ይጠይቃል። ራውተር የሚባለው ማሽን ሥራው ይኸው ነው፤ የተቀባዩን አድራሻ ያያል፣ «ቀጣዩ መታጠፊያ ይህ ነው» ብሎ ያሳልፋል። ሙሉውን መንገድ የሚያውቅ ማሽን የለም።

ጥቅሉ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ኬላ ያጋጥመዋል። እዚያ ያለው ማሽን የውስጥ ቁጥራችሁን ይፍቅና ከኦፕሬተሩ እውነተኛ አድራሻዎች አንዱን ይጽፍበታል። ማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋበት ከጎኑ አንድ የበር ቁጥር ያክልበታል፤ ባለሙያዎቹ ፖርት ይሉታል። አንድ አድራሻ ከ65 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ በሮች አሉት። ከዚያ በመዝገቡ ላይ «ይህ አድራሻ፣ በዚህ በር፣ በዚህች ደቂቃ የእገሌ ስልክ ነው» ብሎ ያሰፍራል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ወደ እናንተ ይመልሰዋል። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ማለት ይህ ማሽን ነው።

በነገራችን ላይ፣ መተማ ያለ ልጅ ገላባት ላለ ጓደኛው በዋትሳፕ «ሰላም ነው?» ቢለው፣ ሁለቱ በእግር ደቂቃዎች በማይሞላ መንገድ የሚገናኙ ሆነው ሳለ መልእክቱ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። ድልድዩን ለመሻገር ባሕር ይሻገራል። በዚህ ልትስቁ ትችላላችሁ፤ ግን አድራሻና ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

አድራሻ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል፤ ከሌላ ጋር እንዳይምታታ። መተማ የሚባል ቦታ ሱዳን ውስጥም አለ፤ ከሸንዲ ፊት ለፊት በዓባይ ዳር። የእኛዋን ከዚያኛዋ የሚለያት አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም የወደቁባት በመሆኗ የያዘችው ስም ነው። «መተማ» ብቻ ብሎ ዕቃ የሚልክ ሰው ዕቃው የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ኢንተርኔት ላይም አንድ እውነተኛ አድራሻ በአንድ ጊዜ ሁለት ባለቤት ሊኖረው አይችልም፤ ጥቅሉ የት ይሂድ?

ድንበር ላይ ነገሩ የበለጠ ይጠላለፋል። የማማ ሞገድ ፓስፖርት አያውቅም። የገላባት ማማ ምልክት ወደ እኛ ይሻገራል፣ የእኛም ወደዚያ። ስልካችሁ የሱዳን ሲም ካርድ ከያዘና የሱዳኑን ማማ ካገኘ፣ እናንተ መተማ ሻይ እየጠጣችሁ አድራሻችሁ ሱዳናዊ ነው። ሮሚንግ ላይ ደግሞ ይባስ፤ በተለመደው አሠራር የሞባይል ሮሚንግ ዳታ ወደ እናት ኦፕሬተሩ ተመልሶ ከዚያ ነው ወደ ዓለም የሚወጣው፤ አድራሻውንም የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ዜግነት የሚሰጣችሁ የቆማችሁበት መሬት ሳይሆን የጫናችሁት ሲም ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ዋጋ አለው። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. የኦንላይን ትምህርት የሚሰጠው ኮርሴራ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ የሚመጡ ተማሪዎችን ዘግቶ ነበር። የዘጋው በአይፒ አድራሻቸው ነው። በዚያ ሰሞን በድልድዩ ግራና ቀኝ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው አንድ ዓይነት ኮርስ ቢከፍቱ፣ ለአንዱ ይከፈትለታል፣ ለሌላው አይከፈትለትም። በሱዳን ላይ የነበረው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በ2017 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል። አገርን በአድራሻ እየለዩ መዝጋት ግን የቀረ አሠራር አይደለም፤ «ይህ አገልግሎት ባሉበት አገር አይሰጥም» የሚለውን ጽሑፍ ያላየ ማን አለ?

አሁን ወደ ማስፈራሪያው እንምጣ፤ ምክንያቱም ለወጣቶች በጣም የቀረበው እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ የማታውቁት ሰው «አይፒህን ይዤዋለሁ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ፣ ብር ካልላክህ ፎቶህን እበትናለሁ» ይላችኋል። አንዳንዱ ቁጥሩንም ጽፎ ያሳያል፤ እውነተኛም ሊሆን ይችላል። አይፒ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ የላከላችሁን ሊንክ ከነካችሁ የሊንኩ ባለቤት አድራሻችሁን ያያል፣ የኢንተርኔት አሠራሩ ራሱ ያስገድዳል። መልስ የሚላክበት ካልታወቀ ገጹ እንዴት ይከፈታል? ግን ያ ሰው ያገኘው የሳጥኑን ቁጥር ነው። ከሳጥኑ በስተጀርባ ከመተማ እስከ ሞያሌ የተበተኑ ብዙ ስልኮች አሉ። ካርታ ላይ ቢያስገባው የሚመጣለት «አዲስ አበባ» ነው። ቤታችሁን አያገኝም። መፍራት ያለባችሁ ሊንኩን ነክታችሁ የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በእርግጥ በእጁ ካለ ነው፤ በአይፒ ምክንያት ግን ሳንቲም አትላኩ።

አድራሻን እንደ ቤት ቁጥር መቁጠር ያመጣውን መከራ ለማየት አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ያለች አንዲት የእርሻ ቤት ትበቃለች። አድራሻን ከቦታ ጋር የሚያዛምድ ማክስማይንድ የተባለ ድርጅት፣ «አሜሪካ ነው፣ ከዚያ በላይ አናውቅም» የሚላቸውን አድራሻዎች በሙሉ በአገሪቱ መሀል ግድም ባለ አንድ ነጥብ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ነጥቡ የዚያች እርሻ ግቢ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. በጋዜጠኞች ሲጋለጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻ እዚያች ቤት ላይ ተደርድሮ ነበር። ለዓመታት የፖሊስ መኪና፣ የግብር መርማሪ፣ የተታለለ ሰው እየመጣ ነዋሪዎቹን «ሌቦች» ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ምንም አላደረጉም። እኛም ጋ «አዲስ አበባ» የሚለው ምልክት ያው የመሀል ነጥብ ነው፤ ልዩነቱ ከተማ ስለሆነ የአንድ ሰው በር አለመንኳኳቱ ነው።

ታዲያ ማንም አያገኘኝም ማለት ነው? አይደለም። አንድ አካል ያገኛችኋል፤ መዝገቡን የያዘው ኦፕሬተር። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በምሥጢር መያዝ እንዳለበትም ይደነግጋል። ሲም ካርዱ ደግሞ በስማችሁ ነው። ስለዚህ ከአድራሻ ወደ ስም የሚወስደው መንገድ አለ፤ ቁልፉ ያለው ግን በኦፕሬተሩና በፍርድ ቤቱ እጅ ነው፣ በቴሌግራም አስፈራሪ እጅ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቦታ ይህ ነው።

ከውጭ ድርጅት «በዚህ አድራሻ የተለጠፈ» የሚል መረጃ ብቻ ከመጣ፣ በዚያች ቅጽበት ያንን አድራሻ የተጋሩት ብዙ ሰዎች ናቸው። አንዱን ለመለየት የበሩ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ሰዓቱም እስከ ሴኮንዱ። ብዙ ድረ ገጾች ግን አድራሻውን ይመዘግቡና በሩን አይመዘግቡም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ይህ አድራሻ የመጋራት አሠራር እንዲያበቃ ጠይቋል፤ ምክንያቱ ወንጀለኛውን ከንጹሑ መለየት አለመቻሉ ነው፤ መርማሪዎች አንዱን ለማግኘት የብዙዎችን ገመና መክፈት ይገደዳሉ።

አሁን ሰዓቱን አስቡ። የውጭ ድርጅቶች ጊዜ የሚመዘግቡት ባብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። «20:15» የሚል መዝገብ መጣ እንበል። የአዲስ አበባ ሰዓት 3 ሰዓት ስለሚቀድም እዚህ 23:15 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:15። ቸኩሎ የሚያነብ መርማሪ 20:15ን እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ወስዶ «ከምሽቱ 2:15» ካለው፣ የሦስት ሰዓት ስህተት ሠራ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ያ አድራሻና ያ በር ስንት ሰው እጅ ገብቶ ወጥቷል። አድራሻው ትክክል፣ በሩ ትክክል፣ የተያዘው ሰው ሌላ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ደግሞ ቀኑም ይሳሳታል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፈረንጁ አቆጣጠር አዲስ ቀን ነው፣ በእኛ አነጋገር ግን ቀኑ ገና አልነጋም።

መተማ ላይ ሦስተኛ ሰዓት ይጨመራል። ሱዳን በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ስለዚህ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ስልኩ ራሱ አንድ ሰዓት ይቀንስለታል። የዓለም አቀፉ 20:15፣ ገላባት ላይ 22:15፣ መተማ ላይ 23:15፣ በመተማ ነዋሪ አንደበት ደግሞ 5:15። አንድ ቅጽበት አራት ስም አለው። ለዚህ ነው በአድራሻ ላይ የተመሠረተ ማስረጃ ችሎት ሲቀርብ ጠበቃም ዳኛም «በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር? የበሩ ቁጥርስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት የምለው። ሁለቱ ካልተሟሉ ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህን መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ለምን ከፈተው የሚለው ጥያቄም ከእንግዲህ በዚህ አዋጅ ዓይን መታየት ይገባዋል።

ቁጥር ደግሞ ለባለሥልጣን አይመለስም። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የሚታዘዝበትን አንድ ሰርቨር ያገኘው በኢትዮ ቴሌኮም ስም በተመዘገበ አድራሻ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ተቋም በሌላ የስለላ ሶፍትዌር ሰርቨር ላይ በግዴለሽነት ክፍት የተተወ መዝገብ አግኝቶ፣ ኦፕሬተሮቹ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሆኑ፣ የተሰለሉት ደግሞ በ20 አገሮች እንደተበተኑ አሳይቷል። ሰላዩ የሰለላቸውን ሰዎች አድራሻ ሲመዘግብ የራሱንም መዝግቦ ተገኘ።

«እኔ ቪፒኤን እጠቀማለሁ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቪፒኤን ደብዳቤያችሁን በሌላ ሰው ሳጥን በኩል መላክ ነው። የምትከፍቱት ድረ ገጽ የዚያን ሳጥን ቁጥር ያያል፤ ኦፕሬተራችሁ ከቪፒኤኑ ጋር መገናኘታችሁን እንጂ ውስጡን አያይም። ባለ ሳጥኑ ግን ሁለቱንም ጫፍ ያያል። ነጻ የሚባሉት ቪፒኤኖች ወጪያቸውን ከየት እንደሚሸፍኑ ራሳችሁን ጠይቁ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ግድም በታገዱበት ጊዜ ቪፒኤን የሠራው መንገዱ ክፍት ስለነበረ ነው፤ ኬላው ላይ የተከለከሉት የተወሰኑ ተቀባዮች ብቻ ነበሩ፣ ተቀባዩን የቀየረ ያልፋል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በዚያው ሰሞን የክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ በአብዛኛው የክልሉ ክፍልም ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ቆየ። መንገዱ ራሱ ሲዘጋ ሳጥን መቀየር ምንም አይፈይድም። ያኔ ቪፒኤን ከስልክ ስልክ በዜንደር የተቀባበላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቪፒኤኑ አልሠራም፣ ዜንደሩ ግን ሠርቷል። ምክንያቱ ዜንደር ኢንተርኔት አይፈልግም። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ለሌላው በ192.168 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሁለቱ ስልኮች በመካከላቸው ትንሽ ኢንተርኔት ፈጥረው ፊልሙን ይቀባበላሉ። ቴሌብርም በ*127# የሚሠራው በድምፅ ኔትወርኩ በኩል ስለሆነ ነው፤ አይፒ አድራሻ አያስፈልገውም።

ይህ መዘጋት ከውጭ እንዴት ይታያል? ግብፅ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔቷን ስትዘጋ ኦፕሬተሮቿ «እነዚህ አድራሻዎች በእኛ በኩል ይገኛሉ» ብለው ለዓለም ራውተሮች የሚያውጁትን ወደ 3,500 የሚጠጋ መስመር በአንድ ሌሊት አነሡት። ዓለም ወዲያው አየ። በጥር 2016 ዓ.ም መጨረሻ በጦርነቱ መካከል የሱዳን ኦፕሬተሮች ሲወድቁም እንዲሁ ታየ። በዚያ ጊዜ ከመተማ ብዙም ሳይርቁ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ሱዳናውያን ካርቱም ያለ ዘመዳቸውን ሲጠሩ የሚመልስላቸው አልነበረም፤ አድራሻው በዓለም መዝገብ ላይ አለ፣ «በእኔ በኩል ነው» የሚል ግን የለም።

የአማራ ክልል ግን የራሱ የታወጀ አድራሻ የለውም። የመተማ ስልክ የሚወጣበት ሳጥን የአዳማም የጅማም ሳጥን ነው። መተማ ሲጠፋ ሳጥኑ አለ፤ የሚገባበት ደብዳቤ ትንሽ ይቀንሳል፣ በቃ። እንደ ኔትብሎክስ ያሉ ተከታታዮች በክልል ደረጃ መቋረጡን ዘግበዋል። ወደ ዞንና ወደ ወረዳ በወረድን ቁጥር ግን ይደበዝዛል። ሰሊጥ ጭኖ ዋጋ ሳያውቅ የተነሳ ነጋዴ፣ የስደተኛ መጠለያ ሠራተኛ፣ ፈተና የተመዘገበ ተማሪ የደረሰባቸው መቋረጥ በዓለም ገበታ ላይ «አዲስ አበባ፤ ደህና ነው» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። አድራሻችሁ የራሳችሁ አካባቢ ካልሆነ ጉዳታችሁም የሌላ አካባቢ ደህንነት ውስጥ ይሰወራል። ይህ እኔን ከአስፈራሪዎቹ ሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

መፍትሔ የሚባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት፣ አይፒ ስሪት 6፣ ከተፈለሰፈ ቆይቷል። ቁጥሩ በጣም ብዙ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ እውነተኛ አድራሻ ይደርሰዋል፤ መጋራት ይቀራል። ኦፕሬተር ከፈለገ ለምዕራብ ጎንደር የራሱን ጥቅል ሊመድብለት ይችላል፤ ያኔ የመተማ መጥፋት እንደ መተማ መጥፋት ይታያል። ሌላ ሰው ባደረገው ድረ ገጽ መዘጋትም ይቀንሳል። ሌላው ገጽታው ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው ውስጥ መደበቅ የሚባለው ያበቃል፣ ከአድራሻ ወደ ሰው ያለው መንገድ ያጥራል። ስልኮች ይህን ለማለዘብ የአድራሻውን የኋላ ግማሽ በየጊዜው ይቀያይራሉ፤ የፊቱ ግማሽ ግን ኦፕሬተሩ የሰጠው ነው፣ እሱን አይነኩትም። እኔ ይምጣ ባይ ነኝ፤ ግን መዝገቡን የሚከፍተው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው አሠራር ቀድሞ ይምጣ።

የትኛው ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ የስልካችሁን ቅንብር ክፈቱ፤ ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አይፒ አድራሻ የሚለውን አንብቡ። በ10 ከጀመረ፣ ወይም በ100 ጀምሮ ሁለተኛው ቁጥር ከ64 እስከ 127 ከሆነ፣ በተጋራ ሳጥን ውስጥ ናችሁ፤ ጎግል የሚያሳያችሁ ቁጥርም ሌላ ይሆናል። በነጥብ ፈንታ በሁለት ነጥብ የተለያየ፣ የፈረንጅ ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም ቁጥር ካገኛችሁና ጎግልም ፊቱ ግማሹ ያንኑ የሆነ ካሳያችሁ፣ ሳጥኑ የእናንተ ብቻ ነው።